በአንድ ኪኒን ውስጥ ያሉ ሁለት መድኃኒቶች

ሐኪሜ ሁለቱን የግፊት መድኃኒቶቼን ወደ አንድ ኪኒን ሲያጠቃልሉልኝ ትልቅ እፎይታ ተሰማኝ። ቁም ነገሩን ያስጨበጠችኝ ግን ፋርማሲስቷ ናት። አዲሱን እሽግ ከማስረከቧ በፊት «ቤት የቀሩትን የድሮዎቹን ምን ሊያደርጓቸው አስበዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ እሽጉን አዙራ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን መስመር አሳየችኝ፤ አምሎዲፒን 5 ሚሊግራም፣ ቫልሳርታን 160 ሚሊግራም። «ይሄ አዲስ መድኃኒት አይደለም። ሲወስዷቸው የነበሩት ሁለቱ ናቸው፤ አንድ ላይ ተደረጉ እንጂ አልተቀየሩም። የድሮዎቹን ከዚህ ጋር ደርበው ከወሰዱ እጥፍ ወሰዱ ማለት ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ጥምር የግፊት መድኃኒት ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ፤ ሐኪሜንም ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የምጽፈው በየቀኑ እንደሚውጠው ሰው ነው። የደረስኩበት ይህ ነው፤ የዚህ ኪኒን ጥቅሙም አደጋውም የሚመነጩት ከአንድ ነገር ነው። ሲያዩት አንድ ነው፣ ውስጡ ግን ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት መድኃኒት አለ። የሚውጠው ሰው እነዚህን በየስማቸው ካወቃቸው ከሚደርሱት ችግሮች ብዙዎቹን አስቀድሞ ያያቸዋል።

ሁለት መድኃኒት ሲታዘዝለት «ሕመሜ ጠንቶብኝ ነው» ብሎ የሚደነግጥ ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ግፊት የሚጨምረው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም፤ ደም ሥሮች ይጠባሉ፣ ኩላሊት ጨውና ውኃ ይይዛል፣ ሰውነትም አንጂዮቴንሲን የሚባል ደም ሥርን የሚያጠብ ንጥረ ነገር ያመነጫል። አንዱን በር ሲዘጉበት ሰውነት በሌላው ይመጣል። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባለውን መድኃኒት እንመልከት። ሽንት አብዝቶ ጨውና ውኃ ያስወጣል፤ ሰውነት ደግሞ የጎደለውን ለማካካስ አንጂዮቴንሲንን ያበዛል። ሎሳርታንና ቫልሳርታን የሚያግዱት ይህንኑ አንጂዮቴንሲንን ነው። ስለዚህ ሁለቱ ተባብረው የሚሠሩት ሥራ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ከሚሠሩት ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ፣ 42 ጥናቶችን አንድ ላይ ያጠና ትንተና፣ ከሌላ ዓይነት መድኃኒት ሁለተኛ መጨመር የመጀመሪያውን መጠን እጥፍ ከማድረግ ይልቅ አምስት እጥፍ ያህል ግፊትን እንደሚቀንስ አሳይቷል። አንዱን መድኃኒት እስከ ጣሪያው ከማድረስ ሁለቱን በመጠኑ መውሰድ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ጥምረቱ የትናንት ፈሊጥ አይደለም። ከፍተኛ የደም ግፊትን ማከም ከከባድ ጉዳት እንደሚያድን በማያሻማ ሁኔታ ያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የታተመውና ኤድዋርድ ፍሪስ የመሩት የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ጥናት፣ ራሱ የጥምር ሕክምና ጥናት ነበር። የታችኛው ግፊታቸው ከ115 እስከ 129 የሆነ 143 ወንዶች ተሳተፉበት። ግማሽ ያህሉ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ሬዘርፒንና ሃይድራላዚን ተሰጣቸው፤ ለቀሩት መድኃኒት የሌለበት ኪኒን። መድኃኒት ካልወሰዱት መካከል 27ቱ ከባድ ጉዳት ሲደርስባቸው ከወሰዱት መካከል የተጎዱት 2 ብቻ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ጥምር የግፊት ኪኒኖችን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገባ፤ በ2021 መመሪያውም ሕክምናው ከመጀመሪያው በጥምር፣ ቢቻል በአንድ ኪኒን እንዲሆን መከረ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የሚዋጠው ሲያንስ የሚዘነጋው ያንሳል።

እኔን ከሁሉም በላይ ያስደነቀኝ አንዱ የሌላውን ጉዳት የሚያርምበት መንገድ ነው። አምሎዲፒን ብቻውን ሲወሰድ የብዙ ሰው ቁርጭምጭሚት ያብጣል። ይህ የሚሆነው ሰውነት ውኃ ስላጠራቀመ አይደለም። መድኃኒቱ ደም ወደ እግር የሚያደርሱትን ትንንሽ ሥሮች ሲያሰፋ የሚመልሱትን እኩል ስለማያሰፋ፣ በመሐል ያለው ግፊት ጨምሮ ፈሳሹ ወደ ዙሪያው ሥጋ ይሰርጋል። ቫልሳርታንን የመሰለ መድኃኒት ሲታከልበት የመመለሻው መንገድም ስለሚሰፋ እብጠቱ ይቀንሳል። ፖታሲየምም ላይ እንዲሁ ነው፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያወርደዋል፣ ሎሳርታን ከፍ ያደርገዋል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ሚዛኑ ይቀራረባል።

ይሁንና ሁለት መድኃኒት ስለተገናኘ ብቻ ጥምረቱ ጥሩ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ የወጣውና ከ25 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ኦንታርጌት የተባለው ጥናት ራሚፕሪልንና ቴልሚሳርታንን አብሮ መስጠት ከአንዳቸው የተሻለ ጥቅም እንዳላመጣ፣ ይልቁንም የኩላሊት ችግርንና ራስን መሳትን እንዳበዛ አሳይቷል። ሁለቱም የሚዘጉት አንድ በር ነው። ስማቸው በ«ፕሪል» የሚያልቅ (ኤናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪል፣ ፔሪንዶፕሪል) እና በ«ሳርታን» የሚያልቅ መድኃኒት በአንድ ሰው እጅ አብረው ከተገኙ ወዲያው ሐኪም መጠየቅ ይገባል። ብዙ ጊዜ ይህ የሚከሰተው አንዱ ሐኪም ያዘዘውን ሌላው ሳያውቅ ሲቀር ነው።

እናቴ ላይ የደረሰው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ለረጅም ጊዜ ሎሳርታን ትወስድ ነበር። በሌላ ሕመም ተኝታ ስትወጣ አዲስ የግፊት መድኃኒት ታዘዘላት፤ እሽጉ ላይ ጎልቶ የተጻፈው የንግድ ስሙ ብቻ ስለነበር ተጨማሪ መድኃኒት መሰላትና ሁለቱንም መዋጥ ቀጠለች። ከወንበር ስትነሳ ዓይኗ ይጨልምባት ጀመር፤ ግድግዳ ይዛ መሄድ አመጣች። እሽጎቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ደቃቁን ጽሑፍ ሳነብ አዲሱ ሎሳርታን ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር ሆኖ አገኘሁት። ሎሳርታኗን እጥፍ እየወሰደች፣ ሽንት የሚያበዛም ተጨምሮባት ነበር። በዚያው ቀን ሐኪሟ ጋ ደውለን የድሮው እንዲቆም ተደረገ፤ ኩላሊቷና ፖታሲየሟም ተመረመረ፤ ደግነቱ ደህና ነበረች።

እናቴ አዋቂ ሴት ናት፤ የታዘዘላትን በሰዓቱ የምትወስድ ጠንቃቃ። ያሳሳታት የእሽጉ አጻጻፍና ለእሷ ነገሩን ያስረዳት ሰው አለመኖሩ ነው። ለዚህ ነው ማንም ሰው አዲስ የግፊት ኪኒን ሲሰጠው «ውስጡ ምን ምን አለ? ከያዝኩት የትኛውን ይተካል? የትኛውን ልተው?» ብሎ እንዲጠይቅ አጥብቄ የምመክረው። ከስሙ ጋር ቁጥሮቹንም ማወቅ ያሻል። ሎሳርታንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በ50/12.5ም በ100/25ም ይመጣሉ፤ የመጀመሪያው ቁጥር የአንዱ፣ ሁለተኛው የሌላው ሚሊግራም ነው። የንግድ ስሙ አንድ ሆኖ ቁጥሩ ሲለያይ መጠኑ እጥፍ ሊሆን ይችላል።

አሁን ከሁሉም ይበልጥ ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ፤ የሕመም ማስታገሻ። ወገቡን ወይም ጉልበቱን ያመመው ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ገዝቶ ይውጣል፤ ከግፊት መድኃኒቱ ጋር ይጋጫል ብሎ አያስብም። ኩላሊት ውስጥ ደም የሚጣራባቸው ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። እያንዳንዱ ማጣሪያ ደም የሚገባበትና የሚወጣበት ሥር አለው፤ ማጥለሉ የሚካሄደው በሁለቱ መካከል ባለው ግፊት ነው። የ«ሳርታን»ና የ«ፕሪል» መድኃኒቶች መውጫውን ያላላሉ። ማስታገሻው መግቢያውን ያጠባል። ሽንት የሚያበዛው ደግሞ የፈሳሹን መጠን ይቀንሳል። ሦስቱ ሲገናኙ ማጣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት እጅግ ሊወርድ ይችላል፤ ኩላሊትም በቀናት ውስጥ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። በተለይ በዕድሜ የገፋ፣ ኩላሊቱ ቀድሞ የደከመ ወይም ውኃ ያነሰው ሰው ላይ አደጋው የከፋ ነው። ኩላሊቱ እንኳ ቢተርፍ እነዚህ ማስታገሻዎች ጨውና ውኃ ስለሚይዙ ግፊቱን መልሰው ይጨምራሉ፤ ሰውየው ግን «መድኃኒቱ አልሠራልኝም» ብሎ ይደመድማል።

እዚህ ላይ ጥምር ኪኒን አደጋውን እንዴት እንደሚሸፍነው ልብ በሉ። ሎሳርታንና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ በአንድ ኪኒን የሚወስድ ሰው «የምወስደው አንድ መድኃኒት ነው፤ አንድ ማስታገሻ ብጨምር ሁለት ይሆናል» ብሎ ያስባል። በእውነቱ ሦስተኛውን መጨመሩ ነው። ለተራ ሕመም ብዙ ጊዜ ፓራሲታሞል በልኩ ቢወሰድ ይሻላል፤ ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ዓይነት ግን ብዙ ሶዲየም ስላለበት ለግፊት ሕመምተኛ አይመከርም። ለልብ ተብሎ በትንሽ መጠን የታዘዘ አስፕሪን ያለው ሰው ግን ይህን አንብቦ በራሱ ማቆም የለበትም። የአፍንጫ መታፈንን የሚከፍቱ የጉንፋን መድኃኒቶችም አሉ፤ ሱዶኤፌድሪን ያለባቸው ግፊት ይጨምራሉ።

ፖታሲየም ሌላው ድምፅ የሌለው ጉዳይ ነው። ሲበዛ ምልክት ሳያሳይ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። በ«ሳርታን» ወይም በ«ፕሪል» ላይ ያለ ሰው ፖታሲየም ክሎራይድ ያለበትን የጨው ምትክ ጤናማ መስሎት ሲጠቀም መጠኑን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ስፒሮኖላክቶን የተባለው ሽንት የሚያበዛ መድኃኒትና ኮትሪሞክሳዞል የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትም እንዲሁ። መፍትሔው የደም ምርመራ ነው፤ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተቀየረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ከዚያም ሐኪም ባለው ጊዜ ልዩነት። የኩላሊትን ሥራ የሚያመለክተው ክሬቲኒን የተባለው የደም ልኬት በመጀመሪያው ሰሞን ትንሽ ከፍ ቢል መደንገጥ አያስፈልግም፤ እስከ 30 በመቶ የሚደርስ ጭማሪ ሐኪሞች የሚጠብቁት ነው። ከዚያ ካለፈ ግን ምክንያቱ መፈለግ አለበት። ምርመራውን «ደህና ነኝ» ብሎ የሚዘል ሰው ሳይ በጣም ነው የምጨነቀው፤ የሚፈለገው ነገር የማይሰማ ነገር ነውና።

ሰውነት ውኃ ሲያጣም እንዲሁ መጠንቀቅ ይገባል። ማስመለስ፣ ተቅማጥ ወይም ከባድ ትኩሳት ይዞት መጠጣትና መብላት ያቃተው ሰው የተለመደውን ጥምር ኪኒን እንደ ወትሮው ቢውጥ ግፊቱ ከመጠን በላይ ሊወርድ፣ ኩላሊቱም ሊጎዳ ይችላል። አንዳንድ ሐኪሞች በእንዲህ ያለ ጊዜ ሽንት የሚያበዛውንና የ«ሳርታን»ን ወገን ለአንድ ሁለት ቀን አቁሞ ሲሻል መቀጠልን ይመክራሉ። ኪኒኑ ጥምር ሲሆን ደግሞ አንዱን ትቶ ሌላውን መውሰድ አይቻልም። ስለዚህ ጥያቄው ሳይታመሙ፣ በቀጠሮ ቀን መጠየቅ አለበት፦ «ቢያስመልሰኝና ቢያስቀምጠኝ ይህን ኪኒን ምን ላድርገው?» እኔ መልሱን አስጽፌ ይዣለሁ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀስ ብሎ መነሳት ጥሩ ነው። ከተኙበት ተነስቶ ጥቂት አልጋው ጫፍ ላይ መቀመጥ፣ ከዚያ መቆም። ቆመው በሦስት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ግፊት በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ሐኪሙ ሊያውቀው ይገባል፤ በዕድሜ ለገፉ ሰዎች የመውደቅና የመሰበር መንስኤ ነው።

ስለ ሰዓቱ ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመውና ከ21 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የብሪታንያ ጥናት ጠዋት በመውሰድና ማታ በመውሰድ መካከል የልብ ሕመምንና ስትሮክን በመከላከል ረገድ ልዩነት አላገኘም። የማይረሱት ሰዓት ይሻላል። ሽንት የሚያበዛ ያለበት ከሆነ ግን ሌሊት እንዳያስነሳ ጠዋት ይመቻል። የተረሳ እንደሆነ ትዝ ሲል መውሰድ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከተቃረበ ግን የተረሳውን ትቶ መቀጠል ነው፤ በፍጹም ሁለት አይዋጥም።

ቤት ውስጥ መለካትም የዚሁ አካል ነው። ጀርባን ደግፎ፣ እግርን ሳያነባብሩ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ፤ ክንድን በልብ ትክክል ማሳረፍ፤ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ መለካት። ጠዋት ኪኒኑ ከመዋጡ በፊትና ማታ ለአንድ ሳምንት የተመዘገበ ልኬት ለሐኪም ብዙ ይነግረዋል። ቤት ውስጥ ከ135/85 በላይ ሆኖ የሚዘልቅ ግፊት ከፍተኛ ነው ይባላል።

የጎንዮሽ ጉዳት ሲመጣ ጥምር ኪኒን አንድ ድክመት አለው፤ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ አይናገርም። ደረቅ ሳል ከሆነ የ«ፕሪል» ወገን ነው የሚጠረጠረው። የእግር እብጠት ከሆነ አምሎዲፒን። የእግር አውራ ጣት ቀልቶ አብጦ ካመመ ሪህ ሊሆን ይችላል፤ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ዩሪክ አሲድን ከፍ ያደርጋልና። ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት በድንገት ካበጠ ግን መጠበቅ የለም፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። «ፕሪል» ይህን መድኃኒቱ ለዓመታት ሲወሰድ ቆይቶ እንኳ ሊያመጣ ይችላል። ለኮሌስትሮል ሲምቫስታቲን የሚወስድ ሰው ደግሞ አምሎዲፒን ካለበት ሲምቫስታቲኑ በቀን ከ20 ሚሊግራም ማለፍ እንደሌለበት ይወቅ፤ ጡንቻን ሊጎዳ ይችላል። ጉዳቱ ሲበረታ ሐኪሙ ኪኒኑን መልሶ ወደ ሁለት ሊከፍለው ይችላል፤ ይህ ውድቀት አይደለም። ኪኒኑን በራስ እጅ ሰብሮ ግማሹን መውሰድ ግን ሌላ ነገር ነው። ሲሰበር የሁለቱም መጠን አብሮ ይቀንሳል፤ ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ሙሉው መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይለቀቃል።

ልጅ መውለድ ለምታስብ ሴት ይህ ጉዳይ ከሁሉም ይቀድማል። በ«ሳርታን» ወይም በ«ፕሪል» የሚያልቅ መድኃኒት ያለበት ማንኛውም ጥምር ኪኒን በእርግዝና ጊዜ አይወሰድም። የፅንሱን ኩላሊት ይጎዳል፣ የእንሽርት ውኃን ያሳንሳል፣ ፅንሱን እስከመግደል ሊደርስ ይችላል። እርግዝና ሳይመጣ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ ወደ ሜቲልዶፓ፣ ላቤታሎል ወይም ኒፈዲፒን መቀየር ይቻላል። ሳይታሰብ ያረገዘች ከሆነ በታወቀበት ቀን ለሐኪም መናገርና ምትኩን በአፋጣኝ መጀመር ነው። ብዙ ወጣት ሴቶች ግፊት የሽማግሌ በሽታ ስለሚመስላቸው ይህን የሚነግራቸው አያገኙም፤ ያዘዘው ሐኪም ካልነገራቸው እህት፣ ጓደኛ፣ ባል ይንገራቸው።

የመጨረሻው ማቆም ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2018 በአንድ የቻይና ፋብሪካ የተመረተ ቫልሳርታን ውስጥ ኤንዲኤምኤ የተባለ፣ ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚጠረጠር ብክለት ተገኝቶ በብዙ አገሮች መድኃኒቱ ከገበያ ተሰበሰበ። ከተሰበሰቡት መካከል ቫልሳርታን ያለባቸው ጥምር ኪኒኖችም ነበሩ። ያኔ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ለሕመምተኞች ያስተላለፉት ምክር ምትክ እስኪያገኙ ድረስ መውሰዳቸውን እንዳያቆሙ ነበር፤ በድንገት ማቆም የሚያመጣው ስትሮክ ከብክለቱ ይልቅ ቅርብ ነውና። የልብ ምትን የሚያዘገዩትን ቢሶፕሮሎልን ወይም አቴኖሎልን የያዘ ጥምር ኪኒን ሲሆን ድንገተኛ ማቆም ይባስ ከባድ ነው፤ የልብ ምትና ግፊት ተስፈንጥረው ሊወጡ ይችላሉ።

እኔም አንድ ሰሞን ልኬቴ 118/76 መሆኑን ሳይ «አሁንማ ድኛለሁ፤ ልተወው ይሆን?» የሚል ሐሳብ መጥቶብኛል። ሐኪሜን ስጠይቃቸው ቁጥሩን ያወረደው መድኃኒቱ መሆኑን ነገሩኝ። ክብደቴንና ጨው አወሳሰዴን ካስተካከልኩ ግን አንዱን ቀንሶ መሞከር እንደሚቻል፣ እሱም በአንድ ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነክቶ ለሳምንታት እየለኩ መሆኑን አስረዱኝ። ለሚቀጥለው ቀጠሮዬ የአንድ ሳምንት ልኬቴንና የፖታሲየም ውጤቴን ይዤ እሄዳለሁ፤ ቫልሳርታኑ ከ160 ወደ 80 ይውረድ አይውረድ የሚለውን ያኔ እንወስናለን።